ዝናብ የማያስገባ ፓውዛ

ሙንዲር ዕቃ ሲመርጥ አይሳሳትም ይባል ነበር። ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ውስጥ ቧንቧም ይሁን ቁልፍ ወይም የበር ማጠፊያ፣ መጀመሪያ በመዳፉ ይመዝነዋል፤ ከዚያ በጥፍሩ ይፍቀዋል፤ በመጨረሻ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቀዋል። «ይሄ ክረምቱን አይሻገርም» ካለ አይሻገርም። ሚስቱ ሪሐና ይህን ችሎታውን ታከብርለት ነበር። የምትፈራውም እሱኑ ነበር፤ ሙንዲር ሰውንም የሚመዝነው እንደዚያው ነበርና።

ከቤታቸው ጀርባ እስከ ግንቡ ድረስ ሪሐና ጎመንና ጤና አዳም የምትተክልበት መሬት ነበር። ያ መሬት በልጃቸው በሂሻም ምክንያት ሜዳ ሆነ። ሂሻም የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ነው፤ እጁ ረጅም፣ ዝላዩ እንደ ነብር። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ኡርጌሳ የሚባል የታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ሲጫወት አየውና አባቱን ፈልጎ፣ «ይሄን ልጅ ከክረምት በኋላ አምጡልኝ፤ እስከዚያ ልምምድ እንዳያቋርጥ» አለው። ሙንዲር ያን ቀን ሱቁን ረስቶት ዋለ። እሱም በልጅነቱ በረኛ ነበር። አጎቱ ከሜዳ በጆሮው ጎትቶ አምጥቶ ባንኮኒ ጀርባ ያቆመው ዕለት በረኛነቱ አከተመ።

ብዙም ሳይቆይ ጎመኑ ተነቀለ፣ አፈሩ ተደለደለ፣ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈበት። የብረት ጎል ተበየደ። ኳስ ጎረቤት እንዳይገባ ከግንቡ በላይ መረብ ተወጠረ። የቀረው መብራት ብቻ ነበር። ሂሻም ከትምህርት ቤት፣ ሙንዲር ከሱቅ ተመልሰው የሚገናኙት መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው ጨለማ ግቢውን ሞልቶታል።

«ጎል ፊት ቀን ይመስል ነው የማደርገው» አለ ሙንዲር።

ሪሐና ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሂሻም ቀን ቀን ፊት ለፊት ሲያይ ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ግድግዳ እየዳበሰ ነው መጸዳጃ ቤት የሚሄደው፤ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ጫማ ያደናቅፈዋል፤ ውሃ ስታቀብለው እጁ ብርጭቆውን አልፎ ይሄዳል። እሷ የዚህን ነገር ስም ታውቀዋለች። ዳፍንት ነው። የእናቷ ወንድም ጀላል እንዲሁ አድርጎት ነበር። መጀመሪያ ምሽቱ ጠፋው፤ ዓመታት አልፈው ቀኑም ጠፋው፤ በሰው ትከሻ ሲመራ ኖሮ ሞተ። እሷ ስትዳር እናቷ ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «የጀላልን ነገር እዚያ ቤት እንዳታነሺ» አለቻት። አላነሳችም። ሥጋ ቤት በሄደች ቁጥር ጉበት እያስጨመረች፣ «ደም ይተካል፣ ብላ» እያለች ልጇን ታበላ ነበር። ሂሻምም ምንም ሳይል ይበላ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ፓውዛዎች ሙንዲር የገዛቸው በችኮላ ነው፤ አንድ የሚያውቀው ነጋዴ አዲስ ዕቃ ገባልኝ ብሎት። ሰፈሩ የሚያውቀው ኤሌክትሪሲያን ጃለታ ገና ከካርቶን ሲያወጣቸው ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ቀላል ናቸው» አለ።

«ስቀል!»

ጃለታ ሰቀላቸው። ግቢው በራ። ሂሻም ጓንቱን አጥልቆ ጎሉ መሃል ቆመ፤ አባቱ መምታት ጀመረ። ሪሐና በኩሽናው መስኮት ታይ ነበር። ፊት ለፊት የመጡትን ልጁ ያዘ። አንዷ ግን በጎን መጥታ ጉንጩን አጮለችውና መረቡን ነካች። ሂሻም ኳሷ ካለፈች በኋላ እጁን ዘረጋ።

«ዕውር ነህ እንዴ?» አለ ሙንዲር። በሱቅ ሠራተኞቹ ላይ በቀን ስንቴ የሚለው ስድብ ነው፤ አፉ ለምዶታል።

«መብራቱ ነው፣ አባ። ይንቀጠቀጣል፤ ኳሷ ትጠፋብኛለች።»

ሙንዲር ቀና ብሎ አየ። እውነትም ፓውዛው ይንቀጠቀጥ ነበር። እራት ላይ ወደ ሪሐና ዞሮ፣ «አንቺም መስኮት ላይ ነበርሽ። መብራቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«መብራቱ ነው» አለች። «እኔንም አጭበረበረኝ።»

ልጇን ያዳነችው መስሏት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ኳስ ባመለጠች ቁጥር መብራቱ ነው፤ መብራቱ በሆነ ቁጥር ደግሞ የሙንዲር ቆሽት ያርራል። የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ውሃ በመስታወቱ ውስጥ ገብቶ ተጠራቀመ፤ ንፋሱ አንዱን ፓውዛ አዙሮ ፊቱን ወደ ግንቡ አደረገው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌላው ጨሶ ቀረ። የሰፈሩ ሰው ዕቃ መምረጥ የሚማረው ከሙንዲር ነው። አሁን ውሃ የጠጣ ፓውዛ በገዛ ግቢው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ዳግመኛ አያሞኙኝም» አለ።

ከዚያ በኋላ የመብራት ነገር እንቅልፍ ነሳው። ከየነጋዴው ናሙና እያመጣ ሳሎኑን ሞላው። እራት ከተነሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸዋል፤ በመዳፉ ይመዝናቸዋል፤ መስታወቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ጎማ በጥፍሩ ይጭራል፤ ቡሎኑ ዝገት የሚይዝ መሆኑን ለማወቅ ጨው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። አንዱን እያበራ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ከቶ አሳደረው። ሌላውን ደረጃው ላይ ቆሞ ሆን ብሎ ለቀቀው፤ ተሰበረ፤ «ተጋለጥክ!» ብሎ ሳቀ። በመጨረሻ አንዱን መረጠ። ወፍራም የአሉሚኒየም አካል ያለው፣ ጀርባው ሙቀት እንዲያስወጣ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀ፣ ኃይል ሲዘበራረቅ ራሱን የሚያጠፋ ነበር። እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቀፈውና ሂሻምን ጠራው።

«ያዘው። ክብደቱን እየው።»

ሂሻም ተቀበለው።

«ዝናብ አያስገባም። ጠጠር ቢወረውሩበት አይሰበርም። የሠራው ድርጅት ለዓመታት ዋስትና ሰጥቶበታል፤ አልሠራም ካለ እመልስላቸዋለሁ።» ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተን ግን ለማን ነው የምመልሰው? አሁን ሰበብ የለህም። ገባህ?»

«ገባኝ፣ አባ።»

ሪሐና ያኔ መናገር ትችል ነበር። ሁለቱም ፊቷ ነበሩ፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ተነስታ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

ምሰሶዎቹ ዝገት እንዳይበላቸው ተቀብተው መሠረታቸው በኮንክሪት ተሞላ። ጃለታ አዲሶቹን ፓውዛዎች ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው። ሙንዲር የምረቃ ያህል ደገሰ፤ አሰልጣኝ ኡርጌሳንና ከግራ ከቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች ጠራ። ሪሐና ወንበር ደረደረች፣ ለስላሳ አቀረበች፣ ሳምቡሳ ጠበሰች። ሰማዩ ሲጠቁር ሙንዲር ማብሪያውን ራሱ ተጫነው።

«ያረቢ! ስታዲየም ነው እንጂ!» አለ አንዱ ጎረቤት።

ብርሃኑ ነጭ ነበር፤ የሣሩን ጭራ አንድ በአንድ ያስቆጥራል። ሪሐና ግን ልጇን ነበር የምታየው። ሂሻም መብራቱ ሲበራ በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቱን መለሰ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ እንደገና ጨፈነ። እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ። በጓንቱ ጠረገውና ጎሉ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ቋሚዎች በእጁ እየነካ መሃሉን ለካ።

ኡርጌሳ ፊት ለፊት ቆሞ መታ። ሂሻም ያዘ። ደገመ፤ ያዘ። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ፤ ሙንዲር እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደ ሙሽራ አባት ቆመ። ከዚያ አሰልጣኙ ወደ ጥግ ሄደና ከጎን መታ። ኳሷ በሂሻም ጆሮ ሥር አልፋ ገባች። ሂሻም አልተንቀሳቀሰም። ኡርጌሳ ትንሽ አሰበና ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንኳ የሚይዛት ኳስ ከዚያው ጥግ ላከ። ተንከባልላ ገባች። ልጁ የቆመው ወደ ፊት እያየ፣ ኳሷ እስክትመታ እየጠበቀ ነው።

ማንም አላጨበጨበም።

«ቆይ» አለ ሙንዲር። ጃኬቱን አውልቆ ለጃለታ ሰጠው። «የኔን ምት ነው የለመደው።»

ጥግ ላይ ቆሞ በሙሉ ኃይሉ መታ። ኳሷ የሂሻምን ጆሮ አገኘችው። ልጁ ተንገዳገደ።

«ምነው፣ በጆሮህ ነው እንዴ የምትይዘው?» አለ ሙንዲር። አንዱ ጎረቤት ሳቀ። ሙንዲርም ሳቁን ሲሰማ የልብ ልብ ተሰማው። «ቆይ፣ ፊቱንም እንሞክረው!» እንደገና መታ፤ ይህችኛዋ አፍንጫውን አገኘችው። «ይሄን ሁሉ ፓውዛ የሰቀልኩት ኳስ ስትስም ሰው እንዲያይህ ነው?»

አሁን ሁለቱም ጎረቤቶች ሳቁ። ሂሻም አፍንጫውን በጓንቱ ጠርጎ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቆመ። አባቱ እግሩን ሲያነሳ የጫማውን ድምፅ ሰምቶ ነው መሰል ወደ ድምፁ ተወረወረ። ቀድሞ ተወረወረ፣ አጉል ተወረወረ፤ ግንባሩ የጎሉን ብረት አገኘው። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ።

ሪሐና ከወንበሮቹ ጀርባ ነበረች። አንዱን ወንበር ይዛ እዚያው ቀረች።

ሙንዲር ወደ ጎሉ ሄደ። መጀመሪያ የነካው ቋሚውን ነው፤ ይዞ ነቀነቀው። «ብየዳው አልተነቃነቀም» አለ። ከዚያ ወደ ታች አየ። «ተነስ። ሰው አታስቅብኝ።»

«ይበቃል፣ ጋሽ ሙንዲር» አለ ኡርጌሳ። ሮጦ ሄዶ ልጁን ደግፎ አስቀመጠው፤ መሐረቡን ግንባሩ ላይ ጫነለት። ከዚያ እጁን ከሂሻም ጉንጭ ጎን፣ ትንሽ ራቅ አድርጎ አነሳና ጣቶቹን አወዛወዘ።

«ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«የቱ?» አለ ሂሻም።

«እጄን አታየውም?»

«የቱን እጅ?» አለ ልጁ፤ እየፈለገ አንገቱን ማዞር ጀመረ።

ኡርጌሳ እጁን አወረደ። «እርስዎ ልጁን ዓይን ሐኪም ዘንድ አድርሰውታል?»

«ዓይኑ ምን ይሆናል? ኳስ ፈርቶ ነው!»

«አያይም» አለች ሪሐና።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማት። ሙንዲር ቀስ ብሎ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«ማታ አያይም። ዳፍንት ነው። አጎቴም እንዲሁ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

ሪሐና ይመታኛል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። አልመታትም። ወደ እንግዶቹ ዞረና ፈገግ አለ።

«ጠጡ እንጂ! ለስላሳው ሞቀ እኮ።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሟ የልጁን ዓይን በብዙ መሣሪያ አየች። ወጣት ሴት ነበረች፤ ከመናገሯ በፊት ወንበሯን ወደ ሂሻም አስጠጋች። ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ከዳር እየሞተ ወደ መሃል እየመጣ እንደሆነ ነገረችው። አሁን በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያየው፤ ቱቦው ከዓመት ዓመት ይጠባል። ጉበትም መነጽርም አይመልሰውም።

«ብርሃን ብንጨምርስ?» አለ ሙንዲር። «ጠንካራ ፓውዛ አለኝ። ከዚያም የሚበልጥ አመጣለሁ።»

«ኃይለኛ ብርሃን ይወጋዋል እንጂ አያግዘውም፣ አባት። ማታ ማታ ፓውዛ ፊት ቆሞ ከነበረ ተሠቃይቷል ማለት ነው።» ከዚያ ሁለቱንም እያየች፣ «ይህ በሽታ በብዛት የሚመጣው ከእናትም ከአባትም በኩል ነው። ሌላ ልጅ ካላችሁ…» አለች።

«በኔ ዘር ዕውር የለም» ብሎ ሙንዲር ተነሳ።

ሦስቱም በመኪና ተመለሱ። የቤታቸው ቅያስ ላይ ሲደርሱ ሙንዲር ሞተሩን ሳያጠፋ ተናገረ፤ የሚያናግረው ሪሐናን ነው፤ ሂሻም ግን ከኋላ ተቀምጧል።

«ሱቄ ውስጥ ስንጥቅ ያለበት ዕቃ ቀብቶ የሚሸጥልኝ ሰው ምን እንደማደርገው ታውቂያለሽ። እናትሽ ቀብታ ሸጠችልኝ።»

ሰፈሩ ሜዳው ይፈርሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልፈረሰም። ክረምቱ ሲወጣ ሙንዲር የወንድሙን ልጅ ኑሕን ከወራቤ አስመጣው። ኑሕ ከሂሻም ትንሽ የሚያንስ፣ ዓይነ አፋር፣ ቀልጣፋ ልጅ ነው። በመጣ ማግስት ሙንዲር የሂሻም መኝታ ቤት ገብቶ ጓንቱን ከአልጋው ራስጌ አነሳ።

«የሚበቃህ ይመስለኛል» አለው ኑሕን። ኑሕ ወደ ሂሻም አየ።

«አጥልቀው» አለ ሂሻም። «የግራው አውራ ጣት ላይ ትንሽ ይላላል።»

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ግቢው ይበራል፤ ኳስ ግንብ ይመታል። ሙንዲር ኑሕን አይሰድበውም። ሲስት፣ «አይዞህ፣ ትደርስባታለህ» ይለዋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚለው፣ መስኮት ውስጥ እንዲሰማ። የሂሻም መስኮት ሜዳው ላይ ነው። ብርሃኑ በመጋረጃው ዘልቆ ይገባል፤ ልጁ ትራስ ፊቱ ላይ ጭኖ ይተኛል። ሪሐና ብርድ ልብስ ሰቀለችበት፤ አልበቃም። አንድ ምሽት ወደ ሜዳው ወጣች።

«ሙንዲር፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ያን አንዱን ፓውዛ እንኳ ወደዚያ አዙረው። ዓይኑን ይወጋዋል።»

«ፓውዛው ምን አጠፋ?» አለ፤ ኳሷን በእግሩ እያንከባለለ። «ሥራውን ነው የሚሠራው። በዚህ ቤት ሥራውን የማይሠራ ሌላ ነው።»

ኑሕ መሬት መሬት አየ። ሙንዲር ኳሷን መታት።

በማግስቱ ሪሐና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና እየጠየቀች ሄደች። ማየት ለተሳናቸው ብሬል የሚያስተምር፣ ገና የሚያዩትንም ቀድሞ የሚቀበል ቦታ አገኘች። ለባሏ ስትነግረው ምግቡን ማላመጥ አላቆመም።

«የሙንዲር ልጅ በዱላ መንገድ እየመታ ሲሄድ ደንበኞቼ ይዩት ነው የምትይኝ?»

«ይማራል ነው የምልህ።»

«ውሰጂው። በኔ መኪና ግን አይደለም። በሱቄም በር አታሳልፊው።»

ስለዚህ በጠዋት፣ ፀሐይ ገና ዳገቱ ላይ ስትወጣ፣ እናትና ልጅ በኋላ በኩል ባለው ኮረኮንች ቁልቁል ወረዱ። የማገዶ ጭነት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ወርደው ያልፏቸዋል። ሪሐና በቀኙ ሆና ስትሄድ እጁን ልትይዘው ዘረጋች። ሂሻም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ገና አያለሁ» አለ።

ጥቂት ሄዱ።

«አጎትሽ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ስንት ዓመቱ ላይ ነው?»

«አላስታውስም፣ ልጄ።»

«ታስታውሻለሽ።»

«… የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ፊቷን አይቷል። የሁለተኛዋን አላየም።»

ሂሻም ሳይቆም፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«አባ አላወቀም ነበር፣ ኡሚ። እሱ ጨካኝ ነው፤ ግን አላወቀም። አንቺ መስኮቱ ላይ ቆመሽ ኳሷ ስትመታኝ እያየሽ ነበር።»

«ፈርቼ ነው። እንዳይጠላህ ፈርቼ…»

«እንዳይጠላሽ» አለ።

ታክሲ መያዣው ላይ ደርሰው ነበር። ሰው ይጋፋል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ። ከጎን አንዲት ሴት የሽንኩርት ዘንቢል ይዛ ስትመጣ ሂሻም አላያትም፤ ተጋጩ፤ ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ፣ «አንተ! ዓይን የለህም?» ብላ ጮኸችበት። ሪሐና ልትመልስላት ቀደመች፤ ሂሻም ግን ክንዱን ዘርግቶ አስቆማት።

«የለኝም፣ እማማ፤ ይቅርታ» አለ ለሴትዮዋ። ተንበርክኮም ፊቱ ያሉትን ሽንኩርቶች አንድ በአንድ ለቀመላት። በጎን የተንከባለሉትን ሪሐና አንስታ ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። እጇ ከጉንጩ ጎን ነበር። አላየውም፤ ወይም አየውና አልተቀበላትም። የቱ እንደሆነ አላወቀችም፤ ሽንኩርቱን እንደያዘች ሰልፉ ውስጥ ከኋላው ቆመች።